ለሐምሌ ገብርኤል ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ቤተሰብ የት ይረፍ?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ለዕረፍት ልንመጣ ነው። ትልቁ ልጃችን አሥር ዓመቱ ነው፤ ሴቷ ሰባት፤ ትንሹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሐምሌ 17 ገብተን ሐምሌ 22 እንመለሳለን። ሐይቁ ዳር ካሉት ሪዞርቶች በአንዱ እንረፍ ወይስ ፒያሳ ሆቴል እንያዝ? አንድ ደላላ ደግሞ አቶቴ አካባቢ ባለ ሦስት መኝታ ሙሉ ቤት አለ ብሎ ፎቶ ልኮልናል። በዋጋ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ይከብዳታል፤ ለገብርኤልም የምታደርሰው ስለት አላት። የትኛው ሰፈር ይሻለናል?

ምላሽ፦ ሦስት ሰፈር ጠቅሰው አንዱን እንድመርጥልዎ ጠይቀዋል። እኔን ግን ከሰፈሮቹ በፊት ያሳሰበኝ ቀኑ ነው። ሐምሌ 17 ገብታችሁ ሐምሌ 22 የምትወጡ ከሆነ የሐምሌ ገብርኤል ከቆይታችሁ መሐል ይውላል። ሐዋሳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ አልጋዋ የማይበቃው እንግዳ ይመጣባታል። ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ አውቶቡስ ተኮናትሮ የሚመጣ ምእመን አለ፤ በግል መኪናው ቤተሰቡን ጭኖ የሚመጣም አለ፤ አልጋ ያጣው በቅጽሩ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ስለቱን በጥያቄዎ ማብቂያ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል። ለእኔ ግን የጥያቄው ቁልፍ እሱ ነው። እናትዎ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን መድረስ ካልቻሉ፣ ሌላው አምስት ቀን ምንም ያህል ቢያምር ለእርሳቸው ጉዞው ከንቱ ነው።

ለቤተሰብ ማረፊያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም። ከመካከላችሁ መንቀሳቀስ በጣም የሚከብደው ማን ነው? እሱስ በእግሩ የግድ መድረስ ያለበት የት ነው? ብዬ እጠይቃለሁ። አባትና እናት፣ የአሥር ዓመት ልጅም ጭምር፣ የትም ቢያርፉ ያሰቡት ቦታ ይደርሳሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና በእቅፍ የሚሄድ ሕፃን ግን ካረፉበት ሰፈር ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ሰፈሩ የሚመረጠው ለእነሱ ነው፤ ሌላው ወደሚፈልገው ቦታ ራሱ ይሄዳል። የእናንተ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ሁለቱ ደካሞች የሚፈልጉት የተለያየ መሆኑ ነው። እናትዎ የሚፈልጉት ቤተ ክርስቲያኑን በቅርብ ነው። ሕፃኑ የሚፈልገው ጸጥታ፣ ሣርና ቀደም ብሎ መተኛት ነው። በሐምሌ 19 ዋዜማ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሐይቁን ላስቀድም፤ ሁሉም የሚመኘው እሱን ስለሆነ። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከከተማዋ ጀርባ ወጥታ በውሃው ላይ ትጠልቃለች። ማስታወቂያ ላይ የሚያዩት ያ ብርቱካናማ ሐይቅ በሙሉ የማታ ፎቶ ነው። ሰገነት ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ማየት የሚያስመሰግን ነገር ነው፣ አልክድም። ሆኖም ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ክፍል ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሕፃን ለማስተኛት ሲሞክሩ ልዩነቱ ይገባዎታል። ክረምት ስለሆነ ደመናው ያበርደው ይሆናል፤ በፀሐያማ ቀን ግን መጋረጃው ወፍራም መሆኑን መጠየቅ አይከፋም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ይነሣል። ጠዋት መስታወት መስሎ የነበረው ውሃ ወደ ማታ ማዕበል ይይዛል፤ ልጆቹን በጀልባ ለማንሸራሸር ካሰቡ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ያድርጉት።

ሌላው የውሃው ዳርቻ ራሱ ነው። ሐይቁ የሚታይ መውጫ የለውም። ከሰሜን በኩል ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው የሚወጣበት ሌላ ወንዝ አያዩም። ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ሲያሰጋ በነበረበት ጊዜ የአፈር ግድብ ተሠርቶለታል፤ ዛሬ ሰው ምሽት ምሽት የሚንሸራሸርበት እሱ ላይ ነው። ከግድቡ ወዲያ ግን ፊላና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ አለ፤ እሱ የወባ ትንኝ መኖሪያ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ ከማይደርስባቸው ከተሞች አይደለችም። ሐምሌ የወባ ዋናው ወቅት ባይሆንም ዝናቡ እየጣለ ነው፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይዞ ውሃ ዳር የሚያድር ሰው አጎበር የሌለው አልጋ መቀበል የለበትም። ክፍሉ ውስጥ አጎበር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ «መድኃኒት እንረጫለን» ካሏችሁ አጎበሩን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።

ልጆቹን በሐይቁ ውስጥ አያስገቧቸው። ይህን ስናገር ቅር የሚሰኙ አሉ፤ እዚሁ ያደግነው ሁሉ ዋኝተንበታል ይላሉ። የብልሃርዝያ ትል የሚያድርበት ቀንድ አውጣ የሚኖረው ጥልቅ በሆነው ክፍል ሳይሆን ልጅ እግሩን ነክሮ በሚጫወትበት፣ ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ጉማሬም አለ። ቀን ቀን ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ጀልባ ይዘው ቢሄዱ ከሩቅ ጆሮውን ሲያራግብ ያሳዩዎታል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ መብራት በሌለበትና ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ አይሂዱ። መዋኘት ከተፈለገ መዋኛ ገንዳ ያለው ቦታ ይመረጣል። በጀልባም ከመሳፈራችሁ በፊት ለልጆቹ ልክ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ዓይናችሁ ይይ፤ ዋጋውንም እግራችሁ መሬት ላይ እያለ ተነጋገሩ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሐይቁን ላጣጥል አይደለም። እንደ ኃይሌና እንደ ሌዊ ያሉት ትላልቆቹ ሪዞርቶች ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ሕፃን ሲሮጥ መኪና አይመጣበትም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ መዋል ይቻላል። በየዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። የሰባት ዓመቷ ልጅዎ አዲስ አበባ ተመልሳ ለጓደኞቿ የምታወራው ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለ ጦጣዎቹ ነው ብዬ ብወራረድ እረታለሁ። (ሙዝ በእጇ ይዛ እንዳትቆም ብቻ ይንገሯት፤ ጦጣ አያስፈቅድም።) ለአንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሐይቅ ዳር የአንድ ክፍለ ከተማ ስምም ነው። «ሐይቅ ዳር የሚገኝ» ተብሎ የተለጠፈ ማረፊያ ውሃውን ከጣሪያው ላይ ሆነው እንኳ የማያዩበት ሊሆን ይችላል፤ ውሸትም አይባልም። ሦስት ዛፍና አንድ ገንዳ ያለው ሁሉ ራሱን ሪዞርት ብሎ እየጠራ ስለሆነ፣ ከስሙ ይልቅ ካርታው ላይ ያለበትን ነጥብ ላኩልኝ ይበሉ።

አሁን ወደ ሐምሌ 18 ማታ እንምጣ። ከዋዜማው ጀምሮ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉት መንገዶች በሰው ይሞላሉ። ታቦቱ በሚወጣበት ቀን ጠዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመኪና ዝግ ይሆናሉ። ባጃጁም ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው አደባባይ ሳይደርስ አራግፎ ይመለሳል። ሪዞርት ያረፈ ሰው ታዲያ ከወረደበት ቦታ ጀምሮ በሕዝብ መሐል እየተጋፋ በእግሩ መሄድ አለበት፤ ሲመለስም እንደዚያው። ለእናንተ ችግር አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ያቺ የመጨረሻዋ መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ካለው 275 ኪሎ ሜትር ትበልጣለች። አቶቴ ያለው ቤትም በዚህ በኩል ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም በዚያን ቀን ባጃጅ ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ለስድስት ሰው ደግሞ አንድ ባጃጅ አይበቃም፤ ሁለት ኮንትራት መያዝ አለባችሁ።

ፒያሳ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ከተማ ላይ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሐይቁ፣ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ዳርቻ ይወርዳል። «ይወርዳል» አልኩ እንጂ ዳገትና ቁልቁለት የሚባል የለውም፤ ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለታመመ ጉልበት ከዚህ የተሻለ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ «ፒያሳ ወይስ ሐይቅ?» የሚለው ጥያቄ ሰው እንደሚያስበው የተራራቀ አይደለም። በሁለቱ መሐል ያለው ሰፈር፣ ከአደባባዩ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት የውስጥ መንገዶች፣ ከአንዱም ከሌላውም በእግር ይደረሳል። እናትዎ ጠዋት ወደ ቅዳሴ፣ ልጆቹ ማታ ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ፤ መኪና ማስነሣት አያስፈልግም። ፋርማሲውም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የሕፃን ወተትና ዳይፐር የሚሸጠው ሱቅም ከደጃፍ ነው። ሌሊት ልጅ ቢያተኩሰው ሆስፒታል ለመድረስ ከከተማ መውጣት የለም።

ነገር ግን ፒያሳ ስልዎ ዋናው መንገድ ላይ ያለውን ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ማለቴ አይደለም። ከታች ሙዚቃ ያለው ካፌ ወይም የምሽት ቤት ያለበት ሕንፃ ለእናንተ አይሆንም፤ በተለይ በበዓሉ ሰሞን ከተማዋ አትተኛም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፊት ለፊት ያለ ክፍልም አልመርጥላችሁም። ለእናትዎ ከአልጋቸው ሳይነሡ ማኅሌት መስማት ጸጋ ነው። ሕፃኑ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ የቀረውን ሌሊት በእርስዎ ትከሻ ላይ ያድራል። ሁለት ወይም ሦስት መታጠፊያ ገባ ያለ፣ ምድር ቤት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ያለው፣ ግቢ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ወይም ፔንሲዮን ይፈልጉ። በአንዱ እናትዎና ሴቷ ልጅ፣ በሌላው እናንተ ከሕፃኑና ከትልቁ ልጅ ጋር፤ ለእሱ ተጨማሪ ፍራሽ ይነጠፍለታል። መናኸሪያ አካባቢ ርካሽ አልጋ ያገኛሉ፤ አውቶቡሶቹ ጎሕ ሳይቀድ ስለሚንቀሳቀሱና ረዳቶቹም ስለማይንሾካሾኩ እሱን ይተዉት።

አቶቴ ያለውን ቤት በተመለከተ፣ ቀኑ ሌላ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሱን ይያዙ ባልኩዎት ነበር። ሙሉ ቤት ለስድስት ሰው ከሁለት የሆቴል ክፍል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ወጥ ቤት አለው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ እናትና አጥሚት የሚጠጣ ሕፃን ላለበት ቤተሰብ ወጥ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሰፈሩም ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንጂ የእንግዳ ሰፈር ስላልሆነ ገበያው በነዋሪ ዋጋ ነው። የሚያሳስበኝ አንደኛ ከላይ ያልኩት የበዓሉ ቀን መንገድ ነው። ሁለተኛው ፎቶው ነው። ፎቶ የቧንቧውን ውሃ አያሳይም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት መንደር ሊሆን ይችላልና የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አለው ወይ? ስንት ሊትር ይይዛል? መብራት ሲጠፋ ሮቶው ውሃ ይሰጣል ወይስ ፓምፕ ይፈልጋል? ብለው ይጠይቁ። ደላላው መልሱን ካላወቀ ቤቱን አላየውም ማለት ነው። ቀብድ ከመላክዎ በፊት በቪዲዮ ደውሎ ከውጭው በር ተነሥቶ እስከ መኝታ ቤት ድረስ ሳያቋርጥ እየሄደ እንዲያሳይዎ ያድርጉ፤ የሚያውቁት ሰው ሐዋሳ ካለ ደግሞ ሄዶ እንዲያይልዎ ይለምኑት። ሙሉውን ገንዘብ ግን ቁልፍ ሳይረከቡ አይክፈሉ፤ ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢልዎም ይውሰደው።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ደላላው ቀጥሎ የሚያመጣልዎ ቤት እዚያ ሊሆን ይችላል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዙሪያው የሚከራይ ክፍል በርክቷል። የሠራተኛ መኖሪያ ነው እንጂ የዕረፍት ሰፈር አይደለም፤ ከሐይቁም ከቤተ ክርስቲያኑም ያርቃችኋል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። በአብዛኛው ቤተሰብን ማረፊያ አታቀያይሩ እላለሁ፤ ስድስት ሰው፣ አራት ሻንጣና አንድ የሕፃን ጋሪ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ግማሽ ቀን ይበላል። ለእናንተ ግን ቀይሩ እላለሁ። ሐምሌ 17፣ 18 እና 19 ሌሊት በፒያሳና በሐይቁ መሐል ባለው ሰፈር እደሩ። ሐምሌ 20 ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ወደ ሐይቁ ዳር ተዛወሩና ሁለቱን የቀሩ ሌሊቶች እዚያ አሳልፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የበዓሉ እንግዳ አብዛኛው ሐምሌ 19 ከሰዓት በኋላና በማግሥቱ ይመለሳል። ሐምሌ 18 ላይ ለምናችሁ የማታገኙትን ክፍል ሐምሌ 20 ላይ መርጣችሁ ትይዙታላችሁ፤ ዋጋውም ለመነጋገር የሚመች ይሆናል። እናትዎ ስለታቸውን አድርሰው፣ ልባቸው ዐርፎ ሣሩ ላይ ጋቢ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም የቀሩትን ቀናት በሙሉ ከእናንተ ይረከቧቸዋል። በጀቱ ለሪዞርት የማይፈቅድ ከሆነ ከተማው ውስጥ ቆዩና አንዱን ቀን ብቻ እዚያ ዋሉ። የቀን እንግዳ ይቀበሉ እንደሆነ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነና መዋኛው ለውጭ ሰው ክፍት መሆኑን ደውለው ያጣሩ፤ በበዓል ሰሞን ሊከለክሉ ይችላሉ።

ሲደውሉ ጥያቄዎችዎ አጭርና ቁርጥ ያሉ ይሁኑ። «ክፍሉ ጥሩ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስገኝም፤ አይደለም የሚል የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ የለም። ከመኪናው እስከ አልጋው ስንት ደረጃ አለ? ይበሉ። ምድር ቤት የሚባለው ክፍል አንዳንዴ አምስትና ስድስት ደረጃ ወደ ላይ ያስወጣል። ምድር ቤት ካለቀና ፎቅ ከሰጧችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅሳል ወይስ አምፖል ብቻ ነው የሚያበራው? የመጸዳጃው ወለል የሚያንሸራትት ሴራሚክ ነው? መቀመጫውስ ዝቅ ያለ ነው? ሙቅ ውሃ በምን ሰዓት ይኖራል? ቁርሱ ከዋጋው ጋር ነው? የሦስቱም ልጆች ቁርስ ይታሰባል? በመጨረሻም የነገሩዎትን ዋጋ «ለሐምሌ 18 እና 19 ሌሊትም ይኸው ነው?» ብለው ቀኑን ጠርተው ያስረግጡ። ሰው በስልክ የሚሰማውና በበዓሉ ዋዜማ የሚከፍለው የሚለያየው ቀን ስላልጠቀሰ ነው። የተስማሙበትን በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩልዎ ያድርጉ።

ስለ ቀኖቹ አጠቃቀም ሳይጠይቁኝ ጥቂት ልጨምር። ሐምሌ 17 ከጨለማ በፊት ግቡ፤ ሻሸመኔ ከደረሳችሁ በኋላ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ላይ ጋሪና ከብት፣ ባጃጅና ሰው ይበዛል። ሐምሌ 18 ጠዋት ልጆቹን አሞራ ገደል ውሰዷቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የያዙትን ሲያራግፉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ሲመለጥ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ትራፊውን ሲጠብቅ ያያሉ። የተጠበሰውን ብሉ። ጥሬውን ለልጆቹ አትስጡ፤ ሐዋሳዎች እንደሚወዱት ዐውቃለሁ፤ ለለመደ ሆድ ነው። መሬቱ ርጥብና የሚያዳልጥ ስለሆነ እናትዎ በዚያን ጊዜ ቤት ቢያርፉ ይሻላል፤ ሌሊቱን የሚቆሙም ከሆነ ይጠቅማቸዋል። ታቦር ተራራ ለአባትና ለአሥር ዓመቱ ልጅ ነው፤ ጠዋት ወጥተው ከላይ ሐይቁንና ከተማውን በአንድ ዓይን አይተው ለቁርስ ይመለሳሉ። ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው ያንሸራትታልና አይሞክሩት። ከአዲስ አበባ ክረምት ጋር ሲተያይ የሐዋሳ ሐምሌ ለዘብ ያለ ነው፤ ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ አይዘጋችሁም። ሆኖም ጃንጥላና ለእናትዎ ማታ የሚደርቡት ወፈር ያለ ነገር አይርሱ።

በበዓሉ ዕለት አንድ ነገር ብቻ፦ ሁላችሁም አብራችሁ አትሂዱ። ከእናትዎ ጋር አንዳችሁ፣ ተጣጥፎ የሚያዝ ትንሽ መቀመጫ ይዛችሁ፣ ሕዝቡ ሳይበዛ በማለዳ ሂዱ፤ ሌላችሁ ከሕፃኑ ጋር ቆዩ። ትልልቆቹ ልጆች መሄድ ከፈለጉ የስልክ ቁጥራችሁንና ያረፋችሁበትን ቤት ስም በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። በዚያ ሕዝብ መሐል የስልክ ኔትወርክም ላይሠራ ስለሚችል፣ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከግቢው ውጭ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ቤተሰብ በሌላ ወር የሚመጣ ከሆነ የቀን ጉዳይ እሱንም ይመለከተዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎች ከጨረቃና ከከዋክብት ቆጥረው ስለሚያስታውቁ በየዓመቱ ይዛወራል። ያን ሰሞን ሕዝቡ የሚሰበሰበው ጉዱማሌ ወደሚባለው የበዓሉ አደባባይ ነውና ከላይ ስለ ገብርኤል ያልኩት ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ሰኔ ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ ሆቴሎቹን ስብሰባና ሥልጠና ይይዛቸዋል፤ የሲዳማ ክልል መቀመጫ በሆነች ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። እነዚህ ቀኖች በሌሉበት ጊዜ የሚመጣ፣ ደረጃ የማይከብደውና ሕፃን የሌለው ቤተሰብ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ይረፍ፤ እኔም ሌላ ቦታ አልጠቁመውም።

ለእናንተ ግን ጊዜ የማይሰጠው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ክፍል ነው። የሐይቁን ዳር ለኋላ ማቆየት ይቻላል፤ የምድር ቤቱን ክፍል ግን እናታቸውን ይዘው ለስለት የሚመጡ ሌሎች ልጆችም ይፈልጉታልና ሰኔ ሳይጋመስ ደውለው ቀብዱን ይክፈሉ።